የእህቴ መዋኛ ገንዳ እድፎች

እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው ነገሩ የተጀመረው። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ የኬሚስትሪ ትምህርት እያዘጋጀሁ ነበር፤ እማዬ ለዶሮዎቿ ገብስ ትበትናለች። ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ ረጅም ነው፤ ረጅም ቁጥር በእኛ ቤት ጅዳ ማለት ነው። ታላቅ እህቴ ዘይነባ ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ ፈቃድ ማግኘቷን፣ ለዓረፋ እንደምትደርስልን፣ ረቡዕ ከአዲስ አበባ ተነሥታ በደጎሎና በከላላ አድርጋ መካነ ሰላም እንደምትገባ ነገረችኝ። እኔ ከደስታዬ ብዛት «እሺ» ብቻ አልኳት። ዓይን አፋር ሰው ደስታውም በአንድ ቃል ያልቃል። እሷ ግን ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ገንዳዬ እንዴት ነው? ነጭ ነው አይደል?»

«ነጭ ነው» አልኳት።

ይህን ስል ዓይኔ ገንዳው ላይ ነበር። ገንዳው ቡኒ ነበር፤ ቀይም ነበር፤ ብርቱካናማም ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ እስከ ዛሬ ስም ያላገኘሁለት ቀለም ነበረው። ነጭ ግን አልነበረም።

ስለ ገንዳው ጥቂት ማስረዳት አለብኝ፤ አለበለዚያ ለአንባቢ ሀብታሞች እንመስለዋለን። የእኛ ከተማ ሰው በመስከረም ፀሐይ እንኳ ጋቢ የማያወልቅበት ደጋ ነው። ጠዋት ፊቱን ለመታጠብ ውሃውን በጣቱ ነክቶ፣ ትንሽ አስቦ፣ ነገ እታጠባለሁ ብሎ የሚመለስ ሰው አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ። እንዲህ ባለ አገር መዋኛ ገንዳ ማሠራት በረሃ ላይ ምድጃ እንደ መትከል ነው። ዘይነባ ግን ያሠራችው ጅዳ ሆና ነው። እዚያ ልጆች በምታሳድግበት ቤት ገንዳ አለ። ልጆቹ ሲዋኙ እሷ ዳር ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች፤ ሙቀቱ እንደ እሳት ነው ትላለች፤ ውሃው እግሯ ሥር ነው፤ እግሯን ማስገባት ግን አልተፈቀደላትም። ቤት ልሥራላችሁ ስትል ታዲያ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችን፦ ግቢው ውስጥ ገንዳ ይኑረው፤ ነጭ ይሁን።

የሠራው ግንበኛ ከዚያ በፊት ሠርቶ የሚያውቀው የከብት ማጠጫ ገንዳ ነበር። ትልቁም ትንሹም ከብት እንዲደርስበት እንደለመደው አንዱን ጫፍ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ሠራው። ኋላ ፎቶግራፍ ስናይ የመዋኛ ገንዳም እንደዚያው ሆኖ ተገኘ፤ ሰውዬው ከዚያ ቀን ወዲህ ራሱን መሐንዲስ ብሎ መጥራት ጀመረ። ሴራሚኩ ከደሴ መጣ። ገንዳው አለቀ። በውሃ ግን አልተሞላም። ሼህ የነበረው አባታችን፣ እኛ አባባ የምንለው፣ ቧንቧው ላይ ቆሞ «ጎረቤት ጀሪካኑን ይዞ ቦኖ ላይ ተሰልፎ እያየሁ እኔ ግቢ ውሃ አይተኛም» አለ። በቃ። ውሃው ሳይተኛ ቀረ።

የቀበሌው ሰዎች ግን ገንዳውን ባዶ አልተዉትም፤ የውሃ ማቆሪያ ብለው መዘገቡት። ከወረዳ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጎበኛል። ጠብታ ውሃ የለበትም፤ ጎብኚዎቹ ግን ዳሩ ላይ ተደርድረው ያጨበጭቡ ነበር። አባባም ሻይ ያቀርብላቸውና «ኢንሻ አላህ፣ አንድ ቀን ያቁራል» ይላቸው ነበር።

ባዶ ገንዳ ደግሞ ለሰፈር ሴቶች ትልቅ ሀብት ነው። ነፋስ አይገባበትም፣ ዶሮ አይወርድበትም፣ ፀሐይ ከግድግዳው ተመልሳ ከሁለት በኩል ትመታለች። በርበሬ ለማድረቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ መካነ ሰላም ውስጥ የለም። ባና ለመርገጥም እንዲሁ፤ የሱፉን ብርድ ልብስ በሙቅ ውሃ እያራሱ ጠብደል እስኪል በእግር ለመርገጥ ሰፊና ልስልስ ወለል ያስፈልጋል። ክረምት ሲገባ እማዬ ሴራሚኩ እንዳይበላሽ ብላ በአሮጌ ቆርቆሮ ትከድነዋለች። እንግዲህ በርበሬው ቀይ፣ ባናው ቡኒ፣ ቆርቆሮው ዝገት እያዋጡ ነው ገንዳው ያንን መልክ የያዘው።

ነጭ መሆኑ ለምን እንዲህ አስጨነቃችሁ የሚለኝ ይኖራል። አንድ ጊዜ ዘይነባ በስልክ «ገንዳዬ ነጭ ሆኖ ከጠበቀኝ ከእንግዲህ የሰው ደጅ አልረግጥም» ብላ ነበር። ሳቋን ይሁን የምሯን አናውቅም። እማዬ ግን እንደ ቃል ኪዳን ያዘችው። ዘይነባ ከሄደች ወዲህ በየዓረፋው የእሷ ድርሻ ተብሎ ሥጋ ይቆረጣል፣ ቋንጣ ሆኖ ይሰቀላል፣ የሚቀጥለው ዓረፋ ሲደርስ እኛው እንበላዋለን፤ በቦታው አዲስ ይሰቀላል። አልጋዋ በየሳምንቱ ይነጠፋል፤ የተኛበት ስለሌለ አንሶላው የሚታጠበው በናፍቆት ብቻ ነው። አሁን ልትመጣ ነው። ጠቅልላ ነው የምትመጣው ወይስ ፈቃዷ ሲያልቅ ትመለሳለች? መጠየቅ ይቻል ነበር፤ አንድ አጭር ጥያቄ ናት። እማዬ መልሱን ፈራች። እኔ ደግሞ ጥያቄውን አፈርኩት። ስለዚህ ሁለታችንም ያለ ምንም ንግግር ተስማማን፦ ገንዳው ነጭ ከሆነ ትቀራለች።

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብርጭቆ ሳልሰብር የተመረቅሁ ብቸኛዋ ተማሪ ሳልሆን አልቀርም። እድፍ ከማስለቀቅ በፊት እድፉን ማወቅ እንደሚቀድም አውቃለሁ፤ ትንሽ ቦታ ላይ ይሞከራል፣ ይጠበቃል፣ ይታያል። ያን እሑድ ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት ስልኩ ውስጥ የቀረ ይመስል ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ የተገኘውን በረኪና ሁሉ ገዛሁ። አንዱ ባለሱቅ ቤታችሁ በሽታ ገባ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እህቴ ልትመጣ ነው ማለት አፈርኩና አንገቴን ነቀነቅሁ፤ በማግስቱ ሰፈሩ እንዴት አመሻችሁ እያለ ሊጠይቀን መጣ።

እማዬ ቤት ውስጥ ሳለች በረኪናውን ከጥግ እስከ ጥግ አፈሰስኩት። አንድም ቦታ አልቀረኝም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። የበርበሬው ቀይ ከፀሐዩ ጋር ተጋግዞ በዓይናችን እያየነው ሟሸሸ። እማዬ ወጥታ እልል አለች። እልልታዋ ሳያልቅ ግን ብርቱካናማዎቹ ክቦች መጥቆር ጀመሩ። በረኪና ዝገትን አያስለቅቅም፤ ያበረታዋል። ይህንን እኔው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ተማሪ አስገልብጫለሁ። ማታ ላይ ገንዳችን ቀይ አልነበረም፤ የነብር ቆዳ ነበር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ገንዳው ውስጥ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቆመው አገኘኋቸው። እትዬ ሙሉ ክርስቲያን ናቸው፤ ጾማቸውን እኛ እናስታውሳቸዋለን፣ ሶላታችንን እሳቸው ያስታውሱናል። የባናው እድፍ የእሳቸው መሆኑን ሰምተው ዕዳቸውን ሊከፍሉ እንዶድ ወቅጠው፣ አመድ በቅል ይዘው መጥተዋል።

«አብሽሪ አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ «የበግ ቅባት እንደሆነ ለእንዶድ ይሰግዳል። ጫማሽን አውልቂና ግቢ።»

ገባሁ። እንዶዱን በውሃ በጥብጠን መርገጥ ጀመርን። እንዶድ እንዴት እንደሚያረፋ የማያውቅ ሰው ካለ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ ባት፣ ቀጥሎ «እትዬ ሙሉ የት ነዎት?» ማለት ይመጣል። እሳቸው አረፋው መሃል እየረገጡ ስለ እኔ ያወጋሉ። በዚህ ጉልበቴ ባል ብፈልግበት ኖሮ ዛሬ ሦስት ልጅ ይኖረኝ ነበር ይሉኛል። የተማረች ሴት የሰው ዓይን አታይም፣ መጽሐፍ ታያለች፣ መጽሐፍ ደግሞ አያገባም። እኔ አንገቴን ደፍቼ እረግጣለሁ። ከዚያ ድንገት ቆም ብለው፣ እማዬ ቤት ውስጥ መሆኗን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ ትቀራለች?»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ልሸሽ ስል እግሬ ከዳኝና አረፋው ውስጥ ተቀመጥኩ። እትዬ ሙሉ ሊያነሡኝ እጃቸውን ሰጡኝ፤ እሳቸውም ተቀመጡ። እማዬ ድምፅ ሰምታ ስትወጣ ሁለት ራስ ብቻ አረፋ ላይ ተቀምጦ አየችና «ቢስሚላህ» አለች። የባናው እድፍ አብዛኛው ለቀቀ። የጥያቄው ግን ቀረ።

ማክሰኞ የዝገቱ ቀን ሆነ። ዝገት በኮምጣጣ ነገር ይለቅቃል። ፋርማሲ ሄጄ ቫይታሚን ሲ ጠየቅሁ፤ ፋርማሲስቱ ለስንት ሰው እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ለገንዳ ነው ማለት አልቻልኩም፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ይዤ ወጣሁ። አንዷን ክኒን ዝገቱ ላይ ባሻት ክቡ መሃሉ ነጣ። ልቤ ዘለለ። ነገር ግን ክኒኑ ለክቦቹ አንድ አሥረኛም አይበቃም። ደግነቱ ከዓባይ በረሃ የሚወጡ ነጋዴዎች ሎሚ በአህያ ያመጣሉ። አንድ ጆንያ ሎሚ ተሸክሜ ስገባ ያየኝ የሥራ ባልደረባዬ ለሠርግ ነው ወይ አለኝ፤ ሳላስበው «ኢንሻ አላህ» አልኩት። ይህም ወሬ እስከ ማታ ወረኢሉ ሳይደርስ አልቀረም።

ሎሚውን እየቆረጥን እማዬ ትጨምቃለች፣ እኔ አፈሳለሁ። የተማርኩት እኔ አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ ወለሉ ላይ የእሑዱ በረኪና ገና በደንብ አልታጠበም፤ እንዲያውም ሰኞ ማታ የቀረውን ጠርሙስ እማዬ «ይድረስበት» ብላ ጥልቅ ያልሆነው ጫፍ ላይ ደፍታዋለች። በረኪናና ኮምጣጣ አንድ ላይ አይሆኑም። ይሄ በየዓመቱ የመጀመሪያው ትምህርቴ ነው፤ ከፈተናም አይቀርም። አንድ የሚሰነፍጥ ጢስ መሳይ ነገር ከገንዳው ተነሣ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። እማዬ ጅን ነው ብላ ቁርኣን መቅራት ጀመረች።

«ጅን አይደለም እማዬ፣ ክሎሪን ነው» አልኳት እያሳልኩ።

«ስሙን ካወቅሽውማ ንገሪው፣ ይውጣልን» አለች።

ሁለታችንም እንባችን እየወረደ ከቤቱ ጀርባ ተቀመጥን፤ ነፋሱ ገንዳውን እስኪጠርግልን ድረስ። እማዬ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ዘይነባ ሕፃን ሳለች ጭስ አይስማማትም እንደነበር፣ እሳት ሲነድ ወደ ደጅ እየሸሸች በር ላይ ትተኛ እንደነበር ነገረችኝ። እኔ ስወለድ ዘይነባ ትልቅ ልጅ ስለነበረች ይህን አላውቅም። አንዳንድ ጊዜ እህቴን የማውቃት በስልክና በእማዬ ወሬ ብቻ ይመስለኛል። እንባችን ከክሎሪኑ ይሁን ከሌላ እስከ ከሰዓት አላቆመም።

ኋላ በክረምት ከአሸንዳ በበርሜል ያጠራቀምነውን ውሃ አወረድንና ወለሉን አጠብነው። ሎሚው ያኔ ሥራውን ሠራ። ዝገቱ ክብ በክብ ለቀቀ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገንዳው ነጭ ነበር፤ እንደ ጥርስ ነጭ። ከአንድ ቦታ በቀር።

ጥልቁ ጫፍ ላይ፣ በስተቀኝ ጥግ፣ አንድ ጥቁር እድፍ ቀረ። ትልቅ ትሪ ያህላል። ዳርና ዳሩ ግራጫ ሆኖ ይደበዝዛል፣ መሃሉ ድቅድቅ ነው። በረኪናው ነካክቶት አልፏል፤ ንቅንቅ አላለም። እንዶዱም አልፏል። ሎሚ አፈሰስኩበት፤ ሎሚው ጠቆረ እንጂ እሱ አልነጣም። ተንበርክኬ አሸተትኩት። ዝገት አይደለም፤ ቅባት አይደለም፤ ቅጠል አይደለም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ደስ ይለኝ ነበር። የሽቦ ብሩሹን አነሣሁ።

«ተይው» አለች እማዬ ከላይ።

ቀና ብዬ አየኋት። ገንዳው ዳር ቆማ ነበር።

ነገሩ ይህ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ በነበርኩበት ጊዜ አባባ ቁርኣን የሚያስቀራቸው ልጆች በየዕለቱ ሉሃቸውን ያጥቡ ነበር። ሉህ የሚጻፍበት የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ የተጻፈበት ሲሸመደድ ቀለሙ ይታጠብና አዲስ ይጻፍበታል። ያ የታጠበበት ውሃ የአላህ ቃል ያለበት ነው፤ ሰው በሚረግጠው መሬት ላይ አይደፋም። በፊት የሚያሳጥብበት ቦታ ቤቱ ሲሠራ ጠፋ። አባባ ግቢውን ዞሮ ዞሮ የሰው እግር የማይደርስበት፣ ንጹሕ፣ ነጭ ቦታ ሲፈልግ አንድ ብቻ አገኘ፤ የልጁን ገንዳ ጥልቅ ጥግ፤ ሴቶቹ ከፍ ካለው ጫፍ አያልፉም ነበርና። ጥጉ ላይ ተቀምጦ ሉሁን አንድ በአንድ እየተቀበለ በእጁ ያጥብ ነበር። ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ የተበጠበጠ ነው። ጥላሸት ደግሞ ካርቦን ነው፤ ካርቦንን በረኪናም ሎሚም አያሸንፈውም። እድፉን አወቅሁት ማለት ነው። ደስ ግን አላለኝም።

አባባ ካቻምና ነው የሞተው። ዘይነባ የለቀሰችው በስልክ ነው። ስልኩን ለቅሶው መሃል ከፍ አድርጌ ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ የሰውን ልቅሶ ትስማ ብዬ። ክንዴ ሲዝል በሌላው እጄ እይዘዋለሁ። ሒሳቡ አልቆ መስመሩ ተቋርጦ እንደነበር ያወቅሁት ሰው ከተበተነ በኋላ ነው።

እማዬ ሌላ ሐሳብ መጥቶላት ነበር። የሉህ እጣቢ በእኛ አገር ይጠጣል፤ ለታመመ፣ ለደነገጠ፣ ልቡ ለሸፈተ። አባባ ራሱ ለስንቱ አጠጥቷል። ታዲያ ይህ የእሱ የእጁ ሥራ ነው። እንደ እድፍ ሳይሆን እንደ ቀለም፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ፣ በጥጥ እየነኩ ቢያነሡትና ለዘይነባ ቢሰጧት፣ አባቷ ሳያያት የሞተባት ልጅ ናትና ልቧ ይረጋል። ትቀራለች። እማዬ ይህን ስትል ፊቷ ላይ ያየሁትን ተስፋ ማንም አስተማሪ ቢያይ አፉን ይይዛል። እኔም ያዝኩ።

ረቡዕ ጠዋት እማዬ ውዱእ አድርጋ ወረደች። ለብ ባለ ውሃና በጥጥ እየነካካች ቀለሙን ወደ ነጭ ሲኒ አጠራቀመችው። ሙጫ በለብ ውሃ ይለሰልሳል፤ ይህን እኔ ልነግራት ስችል እሷ ሳትጠይቀኝ አደረገችው። ከሰዓት በፊት እድፉ ሳስቶ ግራጫ ጥላ ብቻ ሆነ፤ ሲኒውም ሞላ። እኔ ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ፊት ቆሜ ስለ ውሁዶች እየተናገርኩ ያ ሲኒ ዓይኔ ላይ ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የአባባ ቀለም አለ። የእሑድ በረኪና አለ። የእትዬ ሙሉ እንዶድ አለ፤ እንዶድ ደግሞ ከሆድ አይስማማም። አመድ አለ። የበግ ቅባት አለ። ሎሚ እንኳ ምንም አይደለም። ለእማዬ ልነግራት በየደቂቃው ወሰንኩ፤ በየደቂቃው ፊቷ ትዝ አለኝ።

ዘይነባ ደጎሎ ስትደርስ ደወለች። ከላላ ስትደርስ ደወለች። ከዚያ ስልኳ ጠፋና ልባችን ተሰቀለ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ሻንጣዋ ከእሷ ይበልጣል። ጥቁር አባያ ለብሳለች፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። መጀመሪያ ያለችን ቃል ሰላምታ አልነበረም።

«የአገሬን ብርድ ረስቼው ነበር» አለችን።

እማዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ተራዬን ጠበቅሁ። ስታቅፈኝ የማላውቀው ሽቶ ሸተተኝ፤ ድምፅዋ ግን ስልኩ ውስጥ የነበረው ነበር፤ ከቅርብ መስማቱ አስደነገጠኝ። ቤት ግቢ ስትባል እምቢ ብላ በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደች። ዳሩ ላይ ቆማ ብዙ አየችው።

«ነጭ ነው» አለች።

ከዚያ ጥጉን አየች። እማዬ ነገረቻት። ዘይነባ ጫማዋን አውልቃ በደረጃው ወረደች፤ ግራጫው ጥላ ዘንድ ስትደርስ ላለመርገጥ ዞራ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። መዳፏን አስቀመጠችበት። አላለቀሰችም። እዚህ ነበር የሚቀመጠው ወይ አለች፤ እዚያው ነው አለቻት እማዬ፤ ፊቱን ወዴት አዙሮ አለች፤ ወደ በሩ አለቻት። ዘይነባ ወደ በሩ ዞራ ተቀመጠች።

ያኔ እማዬ ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛ ወረደች። «የአባትሽ ነው፤ ቢስሚላህ በይና ጠጪው» አለቻት። ዘይነባ ተቀበለች። ወደ አፏ አስጠጋች።

እኔ በሕይወቴ ሰው መሃል ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። እግሬ ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አላስታውስም። የማስታውሰው ሲኒው በእኔ እጅ መሆኑን፣ ግማሹ ነጭ ቀሚሴ ላይ መፍሰሱንና የማላውቃት አንዲት ሴት በእኔ አፍ መናገሯን ነው።

«አትጠጪው። በረኪና አለበት። ትቀሪያለሽ ወይስ አትቀሪም፣ እሱን ብቻ ንገሪን።»

እትዬ ሙሉ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። መጀመሪያ የተናገረችው እማዬ ናት።

«ቁርኣን ላይ በረኪና አፈሰስሽ?»

«አላወቅሁም ነበር።»

እማዬ ወለሉን አየች፣ ቀሚሴን አየች። «መሬት አልነካም» አለች ቀስ ብላ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺ ላይ ነው የፈሰሰው።»

ዘይነባ መሳቅ ጀመረች። ሳቁ ከሆዷ እየመጣ ግድግዳው ላይ ይማታል፤ ስትስቅ ስትስቅ ሌላ ነገር ሆነ፤ ፊቷን ጉልበቷ ውስጥ ቀበረች፤ እማዬም አጠገቧ ተቀመጠች። ካቻምና በስልክ ያልደረሰላት ለቅሶ ያን ማታ ገንዳችን ውስጥ ወጣላት። ሲበርድላት ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

«መመለሻ ትኬቴን ቆርጬ ነው የመጣሁት። መሄዴን ግን እንጃ። ማንም አትሂጂ ብሎኝ አያውቅም።»

እማዬ ነጠላዋን አውልቃ ደረበችላት። እኔን ደግሞ ያቺ ደፋር ሴት ጥላኝ ሄዳ ነበር። በሲኒው የቀረውን ወስጄ ከአጥሩ ጥግ፣ እግር በማይደርስበት፣ የዛፍ ሥር ላይ ደፋሁት።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ተነሣሁ። የብረት ድስቱን ገልብጬ ከቂጡ ጥላሸት ፋቅሁ፤ በንጹሕ ሙጫና ውሃ በጠበጥኩት። የአባባ ሉህ በር ጀርባ ተደግፎ ነበር፤ አነሣሁት። በልጅነቴ ከወንዶቹ ተማሪዎች፣ ከደረሶቹ፣ ኋላ አስቀምጦ ያስተማረኝን ያህል አልረሳሁም፤ ከመቃ በቀረጽኩት ብዕር ፋቲሓን ጻፍኩበት። ፊደሎቼ ጠማማ ነበሩ፤ እሱ ቢያይ ደግሜ እንድጽፍ ያደርገኝ ነበር። እስኪደርቅ ጠብቄ በእጄ አጠብኩትና በሲኒ ቀዳሁት።

ዘይነባ አልጋዋ ላይ ጋቢ ተከናንባ ነቅታ ነበር። ሲኒውን በሁለት እጄ ሰጠኋት።

«አትሂጂ» አልኳት።

ቢስሚላህ ብላ ጠጣችው፤ አንድ ጉንጭ አስቀርታ ለእኔ መለሰችልኝ። እኔም ጠጣሁ። ውሃውን አስቀድሜ አፍልቼው እንደነበር ለእማዬ አልነገርኳትም።